ፀጉር የሌላት ጥጃ

ከሶዶ በማለዳ ተነሣሁ። ቦምቤ ያለችው ልጄ አስቴር ማታ ደውላ፣ «እማዬ፣ ላሜ ፀጉር የሌላት ጥጃ ወለደች። ሴቶቹ ወተትሽን አንቀበልም አሉኝ፤ ድረሽልኝ» ብላኝ ነበር። እዚያ ሴቶቹ ወተታቸውን በተራ ላንዷ ያዋጣሉ፤ ባለተራዋ ንጣ ቅቤውን ትሸጣለች። ከተራው የወጣች ሴት ያንድ ላም ወተት ብቻዋን ይዛ ምን ልትሆን ነው?

እስከ አረካ በሚኒባስ ተጣብበን ሄድን። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ጉዳዬን ስነግረው መላጣውን ዳሰሰና፣ «እማማ፣ በሉ እኔንም ሳያባርሩኝ እዚሁ ልውረድ» አለ። ሳቅን።

አረካ ላይ ሙዝ ገዝቼ ሌላ መኪና ያዝኩ። ዝናብ ጣለ። በየጓሮው የጎደሬው ቅጠል ላይ ውሃው እየተንከባለለ ይወርዳል፤ ቅጠሉ አይርስም። እንሰቱም እንደዚያው ልሙጥ ነው፣ ዝናብ ያምርበታል። ጥጃ ግን ምን ትለብሳለች እያልኩ ሄድኩ።

ቦምቤ

ጥጃዋ ደረቅ የእንሰት ቅጠል ላይ ተኝታ ትንቀጠቀጣለች። ቆዳዋ እንደ አራስ ልጅ ሆድ ቀላ ብሎ ይታያል። ቅቤ ቀባናት፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ አቀፍኳት።

ጎረቤቷ አልማዝ ካጥር ማዶ፣ «እማማ፣ እርግማን ይታቀፋል እንዴ?» አለችኝ።

«አንቺስ ስትወለጂ ፀጉራም ነበርሽ?»

ፊቷን አዙራ ሄደች።

ሲነጋ ጥጃዋ ሞታ አገኘናት። ላሟም ወተቷን ያዘች፤ አስቴር ጡቷን ብትስብ ጠብታ የለም። ጥጃ ሲሞት ቆዳው ተገፎ፣ ደረቅ ቅጠል ተሞልቶ ለእናቱ ይቀርባል። እሱን እየላሰች ትታለባለች።

«ይሄን ልሙጥ ቆዳ ልጄ ትለዋለች?» አለች አስቴር።

«እኔም አላውቅም፣ ልጄ።»

ሞልተን፣ ጨው ነስንሰን አቀረብንላት። አልማዝ ካጥሯ ቆማ ታያለች። ላሟ አሸተተች፤ አሁንም አሸተተች። ከዚያ ላሰችው። ምላስ ፀጉር ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ የለም፤ ዝም ያለ መላስ ነው። ወተቱ ወረደ። አስቴር እያለቀሰች አለበች።

አልማዝ ወደ ቤቷ ገባች። ጥቂት ቆይታ የወተት ጮጮዋን ባዶውን ይዛ በበሩ መጣች።

«ዛሬ ተራው የኔ ነው» አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። አስቴር ሞላችላት።

በማግስቱ ሶዶ ገባሁ። ሰው ያላየውን ገላ ሲያይ መጀመሪያ «እርግማን» የሚል ስም ያወጣለታል፤ ላሟ መጀመሪያ ቀርባ አሸተተች። ይህን ሁሉ ዕድሜ ኖሬ፣ ይህን የተማርኩት ልጇ ከሞተባት ላም ነው።