ባለቤቴ የሚስቅበት ቋንቋ

ባለቤቴ ከፌዴራል ፖሊስነቱ በጡረታ ተሰናብቶ ሰቆጣ ሲገባ ጣውንት ይዞብኝ መጣ። ጣውንቴ በየቀኑ ጺሙን የሚላጭ፣ ከባለቤቴ ጋር በአንድ ክፍል ሲያድር የኖረ፣ የዚሁ የኛው አገር የዝቋላ ሰው ነው። እሱም ጡረታ ወጥቶ ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ ተከራየ።

ጠዋት ይመጣል። በረንዳው ላይ ይቀመጡና በኽምጣና ያወራሉ፤ ሁለቱም አፋቸውን የፈቱበት ቋንቋ ነው። እኔ ከተማ ውስጥ በአማርኛ ያደግሁ የቄስ ልጅ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት እንኳ ከወለድኩ በኋላ ነው፤ ኽምጣና ከሰላምታ አያልፍልኝም ነበር። ባለቤቴ ለኔ የሚያወራው ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው ነው፦ «በላሁ»፣ «ወጣሁ»፣ «ተመለስኩ»። ከጓደኛው ጋር ግን ትከሻው እስኪነቃነቅ ይስቃል። እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

«ምን ተባለ?» እላለሁ፣ ከመጽሐፌ ቀና ብዬ።

«ምንም፤ የድሮ ነገር ነው።»

የድሮው ነገር ሁሉ እኔ የሌለሁበት ነው። እዚህ ልጆች ሳሳድግ ያለፈውን ዘመን ይሄ ሰውዬ ወስዶታል። አንድ ቀን ደግሞ ምሳ ሳቀርብ፣ «እቴ፣ ምስር አትስጪው፤ ቃር ይቀሰቅስበታል» አለኝ። በገዛ ቤቴ! በማግስቱም ምስር ሠራሁ።

ከቀጣዩ ቅዳሜ ጀምሮ ገበያ ማር ከምትሸጥልኝ ሴት አጠገብ እየተቀመጥኩ ኽምጣና መማር ያዝኩ። ማታ ትምህርት እንደለመድኩት፣ አንዱን ቃል ሳላጣራ ወደ ሌላው አልሄድም። ሴትዮዋን አሰለቸኋት።

«ምን ያደርግልሻል? ባልሽ አማርኛ ያውቅ የለ?»

«ለመሳቅ ነው» አልኳት።

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ፣ ጓደኛው እንደልማዱ ድምፁን ሳይቀንስ ሲያወራ ሰማሁ። አዲስ አበባ ለሁለታቸውም የጥበቃ ሥራ ተገኝቷል፤ እንደ ድሮው አብረው ይኖራሉ።

«ለሷ እንዴት ብዬ ልንገራት?» አለ ባለቤቴ።

ገና መምጣቱ ነው፤ ድጋሚ ሊወስድብኝ! እርጥቡን ነጠላ እንደያዝኩ ዞርኩና፣ በኽምጣና፣ ቃል በቃል እየለየሁ፣ «አሁን ንገረኝ» አልኩት።

ጓደኛው አነጋገሬን አረመኝ። እርማቱ ትክክል ነበር፤ ይሄም አናደደኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይህቺ ሴት ስትሰማን ነው እንዴ የከረመችው?» አለው ወደ ባለቤቴ ዞሮ።

ባለቤቴ ሳቀ። ትከሻው ተነቃነቀ፤ ፊቱም ወደኔ ነበር። እኔ አልሳቅኩም።

«ትሄዳለህ?» አልኩት በአማርኛ።

«ወዴት እሄዳለሁ!» አለ፣ ሳቁን ሳይጨርስ።

ጓደኛው ብቻውን ሄደ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘነው። ባለቤቴ የአዲስ አበባው አውቶቡስ በር ላይ አቀፈው፤ አቅፎትም ቆየ።

«ይበቃችኋል፣ ሹፌሩ እየጠበቀ ነው» አልኩ።

ሹፌሩ ገና ቁርሱን እየበላ ነበር።