የጠፋውን ክፍል የምትተርከው ሴት

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሙንታሃና ወንድሟ ሱሩር አል ሻጢእ በሚባል የዓረብ አገር ባሕር ዳር ምንጣፍ ዘርግተው፣ ስለሚወዱት የጠፈር ተከታታይ ፊልም ይከራከራሉ። ፊልሙ ከእነሱ ዕድሜ ይበልጣል፤ የድሮዎቹ ክፍሎች ካሴታቸው ተደምስሶ ጠፍቷል።

"ካፒቴኗ ከጨረቃ እንዴት እንዳመለጠች እኮ የሚያውቅ የለም" አለች ሙንታሃ።

"እኔ አውቃለሁ" አለች አጠገባቸው ሱፍ የምትፈለፍል ሴት፣ ዥዋዥዌ ላይ ካሉት የአሠሪዋ የማዳም ልጆች ዓይኗን ሳትነቅል። ከጥቁር አባያዋ ሥር፣ ስትራመድ መብራት ብልጭ የሚልበት የልጅ የሚመስል ጫማ አድርጋለች።

ተነስታ ተረከችው። እንደ ሮቦት ተንገጫገጨች፤ በአባያዋ ክንፍ ሠርታ በረረች። ካፒቴኗ ቤቷ ስትደርስ ልጇ "አንቺ ማነሽ?" ስትላት፣ ሙንታሃ መተንፈስ ረሳች።

"ከዚያስ?"

"እሹሩሩ አለቻታ! በድምጿ ለየቻት።"

"የት አየሽው?" አለ ሱሩር።

"መች አየሁት! እነዚህ ልጆች 'እንዴት አመለጠች?' እያሉ አልተኛ ሲሉኝ የፈጠርኩት ነው። ጠፋ ከተባለ ማን ይከሰኛል?"

ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ።

"ልጅቷስ ስንት ዓመቷ ነው?" አለች ሙንታሃ እንባዋን እየጠረገች።

"ልጄ ስምንት ሊሞላት ነው" አለች ሴትየዋ ፊቷ በርቶ። "ኹሩጄ፣ የመውጫ ቪዛዬ፣ ወጥቷል፤ ለልደቷ አገሬ እገባለሁ።"