እሁድ ጠዋት የሚቀዳ ሪሲቨር

በየወሩ እየከፈሉ ቴሌቪዥን ማየትን የምቃወመው ገንዘብ ሰስቼ አይደለም። ጎረቤቶቼ እንዲያ ይላሉ፤ ይበሉ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ሰው የከፈለበትን ነገር ማጥፋት ይከብደዋል። «ከፍዬበታለሁ» እያለ ያላሰበውንም ሲያይ ያመሻል። ነፃ ቻናል ግን ስታጠፋው አይቆጭህም። በእኛ ቤት ቴሌቪዥን በጊዜ የሚጠፋውም ለዚህ ነው።

ያም ሆኖ ባለፈው ክረምት ማለቂያ ላይ በገዛ እግሬ ወደ ዲሽ ቤት ሄድኩ። ምክንያቱ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። ባለቤቴ የዳውሮ ልጅ ናት። እሷ ኮልፌ ገብታ እዚሁ ወልዳ አሳደገች፣ እህቷ ግን እዚያው አገር ቤት ቀርታ በሰፈሯ ቤተክርስቲያን ትዘምራለች። ከተያዩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። የእህትየው ስልክ ደግሞ ድምፅ እንጂ መልክ አያሳይም። አንድ ቀን ደወለችና የቴሌቪዥን ሰዎች መጥተው መዘምራኑን እንደቀረጿቸው፣ በሚመጣው እሁድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በአንድ ነፃ መንፈሳዊ ቻናል እንደሚታዩ ነገረቻት። የሚያሳዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ባለቤቴ ስልኩን ዘግታ ሳቀች፤ ከዚያ ሰዓቱ ትዝ አላት። እሁድ አራት ሰዓት ሁላችንም አምልኮ ላይ ነን። እሷማ ጭራሽ አስተናጋጅ ናት፤ በር ላይ ቆማ ሰው እየተቀበለች ታስቀምጣለች።

«አንድ እሁድ ብትቀሪስ?» አለቻት ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃችን።

«ለቴሌቪዥን ብዬ?» አለች እናቷ፣ በዓይኗ እኔን እያሳየቻት። «አባትሽ ይስማሽና ጉድሽ ይፈላል።»

እውነቷን ነው። ለቴሌቪዥን ብሎ ከአምልኮ መቅረትን በዚህ ቤት ስኮንን የኖርኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም ሐሳቤን አልለወጥኩም። ነገር ግን ያን ቀን ማታ ባለቤቴ ሳህን ስታጥብ አየኋት። አንዱን ሳህን ደጋግማ ታጥበዋለች፤ ሐሳቧ ዳውሮ ነው።

«የሚቀዳ ሪሲቨር እገዛለሁ» አልኩ። የነበረን አሮጌ ሪሲቨር ማሳየት እንጂ መቅዳት አይችልም።

«አባቷ፣ የምርህን ነው?» አለች። እኔን የምትጠራኝ በልጃችን ነው። እኔም እሷን «እናቷ» እላታለሁ።

ከልጄ ጋር ኮልፌ ገበያ ዳር ወዳሉት የዲሽ ሱቆች ወረድን። ባለሱቁ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው። ገና ደጃፉን ሳንረግጥ ጀመረ።

«ፋዘር፣ ይግቡ! ምን ልታዘዝ?»

«የሚቀዳ ሪሲቨር። ወርሃዊ ክፍያ የሌለው።»

«እንግዲያው ይሄን ይውሰዱ። እሳት የላሰ ነው! የተዘጉትን ቻናሎች በኢንተርኔት ብርግድ ያደርጋቸዋል። ኳስ በሉት፣ ፊልም በሉት፣ ሁሉም በነፃ!»

«የዘጋቸው ማን ነው?»

«ባለቤቱ ነዋ፣ ኩባንያው።»

«ታዲያ ኩባንያው ፈቅዶ ነው የሚከፈቱት?»

«ፋዘር ደግሞ! ማን ያይዎታል?»

ነፃ ማለት ባለቤቱ ወዶ የሰጠው ነው አልኩት። ባለቤቱ የቆለፈውን መክፈት ነፃ አይባልም፤ ሌላ ስም አለው። ልጄ እጅጌዬን ጎተተችኝ።

«አባዬ፣ ሱቅ እኮ ነው። የሰንበት ትምህርት አይደለም።»

ባለሱቁ አልተቀየመም። እንዲያውም ሳቀና፣ «ፋዘር ፓስተር ናቸው እንዴ?» ብሎ ልጄን ጠየቃት።

«ሳይሾሙ የሚሰብኩ ናቸው» አለችው።

ሌሎች ሁለት ሪሲቨሮች አወረደልን። አንደኛው ትንሽና ርካሽ ነው። ፍላሽ ሲሰኩበት ይቀዳል፤ የሚቀዳው ግን ቀይዋን ቁልፍ የሚጫንለት ሰው አጠገቡ ካለ ነው። እኛ የምንፈልገው ደግሞ እኛ በሌለንበት የሚሠራ ነው። ሁለተኛው ሰዓቱ ከተሞላለት ጠፍቶ ካለበት ራሱ ይበራል፣ ይቀዳል፣ ሲጨርስ ይጠፋል ተባለ።

«ሳይቀሰቅሱት ይነሳል?» አልኩ።

«ይነሳል።»

«ሥራውን ሳይጨርስ አይተኛም?»

«አይተኛም ፋዘር።»

«ከብዙ ሰው ይሻላል። እስኪ ሲነሳ አሳየኝ።»

እኔ ያላየሁትን አልገዛም። ባለሱቁ ቅርብ ሰዓት ሞላለትና ሪሲቨሩን አጠፋው። ሦስታችንም ሳጥኑን ከበን ቆምን። ሪሞት ሊገዛ የመጣ ሰውዬ ምን እንደምንጠብቅ ሳያውቅ አብሮን ቆመ። ድንገት ቀይ መብራቷ ብልጭ አለች።

«ነቃ!» ብሎ ከሁላችንም በላይ የጮኸው ሰውዬው ነበር።

ገዛሁት።

እኔ ትምህርቴን በጊዜ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። የማውቀውን ያወቅሁት ብረት ስበይድ ውዬ ማታ ማታ በማነበው ነው። ስለዚህ የአጠቃቀም መመሪያውን መዝገበ ቃላት ይዤ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ የት እንደሆነም ወዲያው ገባኝ፤ ሰዓቱ ነው። የእኛ ጠዋት አራት ሰዓት ለሳጥኑ አሥር ሰዓት ነው። ጎረቤታችን ይህን ሳያስተውል በእኛ አቆጣጠር ሞልቶ፣ የፈለገው ኳስ ቀርቶ በውድቅት ሌሊት የሚተላለፍ የምጣድ ማስታወቂያ ቀድቶ አድሯል። እኔ አልተሳሳትኩም። ቅዳሜ ዜና ቀድቼ ሞከርኩ፤ ጥርት ብሎ ተቀዳ። ማታ እራት ላይ ስለ ጥንቃቄ ትንሽ ተናገርኩ። ልጄ ትንሽ አልነበረም ትላለች።

እሁድ ጠዋት ባለቤቴ የአስተናጋጅነት ልብሷን ለብሳ፣ ሳጥኑን በመዳፏ መታ መታ አድርጋው ወጣች። ልጄ ተከተለቻት። ቤት የምቆልፈው እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ስለ ቤታችን አንድ ደንብ መናገር አለብኝ። በእኛ ሰፈር መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉን ይዞ ነው የሚመጣው፤ አንዴ ቴሌቪዥናችንን አቃጥሎታል። ከዚያ ወዲህ ከቤት መጨረሻ የሚወጣ ሰው ከፍሪጁ በቀር ሁሉንም ነቅሎ ይወጣል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የሚረሳውን የምቆጣውም እኔ ነኝ።

ስብከቱ እንደተጀመረ ባለቤቴ አርፍደው የመጡ ሰዎች ይዛ በአጠገቤ አለፈች። ጎንበስ አለችና በጆሮዬ፣ «ይሄኔ ሊጀምር ነው አይደል?» አለችኝ።

«እንዴታ!» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እጄ አንድ ነገር አስታወሰኝ። ቴሌቪዥኑና ሪሲቨሩ የሚሰኩበት ሶኬት ከግድግዳው ላልቷል፤ ሲነቀል በአንድ እጅ ደገፍ ማድረግ ይፈልጋል። ያን ጠዋት ደገፍ አድርጌዋለሁ። ነቅዬዋለሁ! መነሳት ያውቃል ብዬ የገዛሁትን ሪሲቨር መብራት ከልክዬው ነው የመጣሁት።

በስብከት መሀል የሚወጣ ሰው አልወድም። በአደባባይም ተናግሬበታለሁ። ተነሳሁ። በወንበሮቹ መሀል በጠቅላላው ምእመን ፊት እየተራመድኩ ወጣሁ። በር ላይ አንድ ሽማግሌ ያዙኝ።

«ወንድሜ፣ ምነው? ሰላም ነው?»

«ሶኬት ነው።»

«በኢየሱስ ስም! ሰክተህ ረስተህ መጣህ?»

«የለም፣ ነቅዬ ነው የመጣሁት!»

ግራ ገብቷቸው ለቀቁኝ። ሶኬት ሰክቶ ረስቶ ወደ ቤቱ የሚሮጥ ሰው ያጋጥማል። ነቅሎ የሮጠ ግን እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

ቤታችን ሁለት ፌርማታ ነው። ታክሲው ሞልቶ ነበር፤ ወያላው ሁኔታዬን አይቶ፣ «አባት፣ ጎንበስ ብለው ይግቡ» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ገባሁ፣ ጎንበስ ብዬ ወረድኩ፣ የቀረውን ሮጥኩ። ሶኬቱን ሰካሁት። ሳጥኑ ቶሎ አልነሳ አለ፤ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቆየ። «ተነስ እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት። በመጨረሻ መዘምራን ብቅ አሉ፤ መዝሙራቸውን አጋምሰውታል። በገዛ እጄ ቀይዋን ቁልፍ ተጫንኩ።

ከዚያ ወዲያ አልተቀመጥኩም። ሶኬቱን በእጄ ደግፌ ቆሜ አየሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ካባ ለብሰዋል። ከመካከላቸው የሚስቴ እህት የትኛዋ እንደሆነች መለየት አቃተኝ። ምናልባትም ቀድማ ታይታ ያመለጠችን መሰለኝ።

ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ ባለቤቴና ልጄ እየተጣደፉ ገቡ። ባለቤቴ፣ «ምን ሆነህ ነው? ሽማግሌው ቤት ተቃጥሏል ወይስ አልተቃጠለም እያሉ ይጠይቁኛል!» አለች።

«ነቅዬው ነው የመጣሁት፤ መጀመሪያው አምልጦናል» አልኳት።

ልጄ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እየሳቀች እንደሆነ ከትከሻዋ ታወቀኝ። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። ወንበር ስባ ስክሪኑ ሥር ተቀመጠች። የተቀዳውን ከፈትኩላት። አንድ መዝሙር አለቀ፤ እህቷን አላገኘቻትም። ሁለተኛው ተጀመረ። እኔ ስክሪኑን ትቼ ፊቷን ማየት ያዝኩ።

«ያቻት!» ብላ ብድግ አለች። «ከኋላ፣ ከዳር! እዪ፣ እዪ! ሁሉም ሳያጨበጭብ እሷ ቀድማ ታጨበጭባለች! ልጅ ሆነንም እንዲሁ ነበረች። ዛሬም አልገባት!»

እስክታነባ ሳቀች። ወደ ኋላ መልስልኝ አለችኝ፤ መለስኩላት። ደግሞ መልስልኝ አለችኝ። ቴሌቪዥን በጊዜ ይጠፋል የሚለው ደንብ ያን ዕለት ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

ሲመሽ እህቷ ደወለች። የሚያወሩት በቋንቋቸው ነው፤ ይህን ያህል ዓመት አብሬያት ኖሬ ግን ዋና ዋናውን እሰማለሁ። እህትየው መጀመሪያ ላይ በማይክራፎን ተናግራ ኖሯል። «ስናገር አየሽኝ?» አለቻት።

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

«ስታጨበጭቢ አየሁሽ» አለቻት።

ከወዲያ ማዶ እኔ የተቀመጥኩበት ድረስ የሚሰማ ሳቅ ፈነዳ። ባለቤቴም ተከተለቻት። ተራ በተራ ወሬ ይጀምራሉ፣ መጨረስ ግን አይችሉም። ከመልሷ ውስጥ ውሸት ብፈልግ አጣሁ።

ልጄ ወደ ሶኬቱ ጠቁማ፣ «አባዬ፣ ደንቡ ተሻሻለ ማለት ነው?» አለችኝ።

«አልተሻሻለም» አልኳት። «ከፍሪጁ በቀር ይል ነበር። አሁን ከፍሪጁና ከሪሲቨሩ በቀር ይላል።»