የተወልደ ብስክሌት ድምፅ

ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ሲገባ፣ ከቀለበት መንገዱ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ሰማያዊ ቀለሙ የተላላጠ ኮንቴይነር አለ። በሩ ላይ በነጭ ቀለም «ለጊዜው የሚባል ጥገና የለም» ተብሎ ተጽፏል። ስም የለውም፤ ስልክ ቁጥርም የለውም። ብስክሌት እንደሚጠገንበት እንኳ አይናገርም። የኮንቴይነሩ ባለቤት ምሩጽ ይህን የማያውቅ ሰው ባይመጣበት ይመርጣል።

ምሩጽ ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ያደገው መቀሌ፣ ብስክሌት ያከራይና ይጠግን ከነበረ አጎቱ ዘንድ ነው። በሃያ ዓመቱ አዲስ አበባ መጥቶ በአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ ውስጥ ከባድ መኪና ሲጠግን ሠላሳ አምስት ዓመት ኖረ። ጡረታ የወጣ ዕለት ባልደረቦቹ ሽኝት አዘጋጅተውለት ነበር፤ ብሎን በመዶሻ ከሚያስገባ ሰው ጋር ኬክ አልቆርስም ብሎ ቀረ። ከዚያ በኋላ ወደ ብስክሌቱ ተመለሰ።

አሠራሩ አይለወጥም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይነካል፣ ያዳምጣል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ያለቀለትን ጥገና በጥቁር ደብተር ይመዘግባል፦ ቀን፣ ብስክሌት፣ ሕመም፣ ምክንያት። የመጨረሻው ዓምድ «ጥፋተኛ» ይላል፤ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ጥፋተኛውን ሲያገኝ ደግሞ ፊት ለፊቱ የፕላስቲክ ዕቃና ደብተር ለምትሸጠው ለሸሪፋ መንገዱን አሻግሮ ያውጅላታል። ሸሪፋ ስለ ብስክሌት ምንም አታውቅም፤ ነገር ግን በሰባት ዓመት ውስጥ የአዲስ አበባን መካኒኮች ነውር ጠንቅቃ አውቃለች።

በጥር ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሰምሃል ብስክሌት እየገፋች መጣች። ምሩጽ ከእሷ በፊት ብስክሌቱን አወቀው። የአባቷ የተወልደ ነው። ተወልደ የሃያ ዓመት ጓደኛው ነበር፤ ግንቦት ውስጥ ሞተ። ሳሊተ ምሕረት ቀብሩ ላይ ምሩጽ ከኋላ ቆሞ፣ ድንኳኑን የወጠረው ሰው ገመዱን እንዴት እንዳበላሸው ሲመለከትና በልቡ ሲሰድበው ነበር የቆየው። ሌላ ነገር ማሰብ አልፈለገም።

«ጋሽ ምሩጽ፣ ደህና አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ነው ያጠበው?»

«ሰፈር ያለው ላቫጆ።»

«በመኪና ማጠቢያው ውሃ?»

«መሰለኝ።»

«ኩሽኔታ ውስጥ ውሃ ሲገባ ምን እንደሚሆን ያውቃል?»

«አልጠየቅኩትም።»

«አትጠይቂው። ካልጠየቅሽው አያውቅም፤ ከጠየቅሽው አውቃለሁ ይልሻል።»

ሰምሃል ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ዋጠችው። ቦሌ አንድ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፤ ከአባቷ ሞት በኋላ በብስክሌቱ፣ በአዲሱ የብስክሌት መንገድ፣ መመላለስ ጀምራለች። «ፍሬን ስይዝ ከፊት ሲጢጥ ይላል» አለች። «ቁልቁለት ላይ ይብሳል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ትንሽ አመነታች። «ቆይቷል።»

«ቆይቷል ቀን አይደለም።»

«አትላስ ጋ ያለ አንድ ሱቅ ወስጄው ነበር» አለች ቶሎ ብላ። «አዶኒያስ የሚባል ልጅ አየልኝ። ‹ሾኩ ዴድ ነው፣ የፎርኩ አንገት ክራክ አድርጓል፣ ኤኒ ታይም ሊሰበር ይችላል› አለኝ።»

«ፈታው?»

«አይ፣ ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አደረገው።»

«በመዳፉ ስንጥቅ አየ ማለት ነው። ትልቅ ሐኪም ነው።»

«እንደዚህ ዓይነት ፎርክ ከእንግዲህ አይገኝም፣ ብስክሌቱን ተይው አለኝ። እማዬ ሰማች፤ ሰው እንዳይገድል ቅዳሜ ለቆራሌው እሰጠዋለሁ ብላለች።» እጇን ከመሪው ላይ አላነሳችም። «ጋሽ ምሩጽ፣ በእርግጥ የሚሰበር ከሆነ ይንገሩኝ። ካልሆነ ግን ቆራሌው እንዲወስደው አልፈልግም።»

ምሩጽ ብስክሌቱ ላይ አስቀመጣትና የፊቱን ፍሬን እንድትይዝ፣ ሰውነቷን ወደፊትና ወደኋላ እንድታንቀሳቅስ አዘዛት። ድምፁ መጣ፤ እንደ አሮጌ የእንጨት በር፣ ሲጢጥ።

«አሁን ፍሬኑን ልቀቂና ወደ ታች ብቻ ተጫኚ።» የፊቱን ጎማ የያዘው ፎርክ ወረደ፣ ወጣ። ዝም። «ሞላውና የሚንሸራተተው ብረት ደህና ነው። የአዶኒያስ የመጀመሪያ ውሸት።»

የፊቱን ጎማ አውጥቶ ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለ ሌላ ጎማ አስገባ፤ ድምፁ ቀጠለ። እንግዲያው ጎማውና የጎማው ሽቦ፣ ራጁ፣ ነፃ ናቸው። የፍሬኑን ብሎኖች አጠበቀ፤ ቀጠለ። መሪውን ብቻ ይዞ ጠመዘዘው፤ ዝም። ከዚያ ረጅሙን ካቻቢቴ አንሥቶ ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ቦታ በቦታ ያዳምጥ ጀመር። ከታች ምንም የለም። ከመሪው በኩል ከሩቅ ይሰማል። ፎርኩ ወደ ብስክሌቱ አንገት ከሚገባበት፣ ከትከሻው ላይ ሲያሳርፈው ግን ድምፁ ጆሮው ውስጥ ዘለለ።

ካቻቢቴውን አስቀመጠ። ከዚህ በኋላ የቀረው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ከኩሽኔታው ሥር ያለው የብረት ቀለበት ላልቷል፤ ይህ ይጠገናል። ወይ ወደ ላይ የሚወጣው የፎርኩ ቱቦ ሥሩ ላይ ተሰንጥቋል፤ ይህ ከሆነ አዶኒያስ ልክ ነው፣ የተወልደ ብስክሌትም የቆራሌው ነው። ከአዶኒያስ ልክ መሆንና ከብስክሌቱ መሄድ የቱ ይበልጥ እንደሚያስጠላው ለራሱም አልለየለትም።

«ነገ ከሥራ ስትወጪ ነይ» አላት። ሰምሃል በታክሲ ሄደች።

ፎርኩን ከመፍታቱ በፊት ደብተሩን ገለጠ። የተወልደ ስም አምስት ቦታ አለ፦ ካቴና፣ ፍሬን፣ ፔዳል፣ የኋላ ጎማ፣ እንደገና ካቴና። ፎርክ ግን የለም። ተወልደ ይህን ፎርክ ከአንድ ከውጭ ከመጣ ሰው እንደገዛው ምሩጽ ያስታውሳል፤ ማን እንደገጠመለት ግን ደብተሩ አይናገርም። ደብተሩ ውስጥ ከሌለ ምሩጽ አልነካውም። በሩ ላይ ቆመ።

«ሸሪፋ፣ ሌላ ቦታ ወስዶት ነበር።»

«ማን?»

«ተወልደ። ፎርኩን ለሌላ ሰው አስገጥሞ፣ እዚህ ከኔ ጋር ተቀምጦ ሲጫወት ነበር።»

«ለምን ይደብቅዎታል ጋሼ? እንደዚያ ሲወድዎት።»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አፍሮ ይሆናል።»

ወደ ውስጥ ተመለሰ። ተቆጥቶ ስለነበር እጁ ፈጠነ፤ መሪውን ፈታ፣ ፎርኩን ወደ ታች ሳበው። ያ የብረት ቀለበት በመዶሻ ተመትቶ መውጣት ሲገባው በጣቱ ብቻ ወጣለት። ከሥሩ ዝገት እንደ በርበሬ ድልህ ተለጥፏል። በዝገቱ መካከል ቀጭን፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ተጠምጥሟል። በጥፍሩ አነሣው። ከቢራ ቆርቆሮ የተቆረጠ ቅዳጅ ነው። የላላውን ቀለበት ለማጥበቅ ያስገቡት ነው፤ ከጊዜ ብዛት አልቆ ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ ኖሯል።

ምሩጽ ጮክ ብሎ ሳቀ። ከጠበቀውም በላይ የሚናቅ ሆነለት። «ሸሪፋ፣ ነይ እይ! የቢራ ቆርቆሮ! የሰው ሕይወት የሚሸከም ብረት ሥር የቢራ ቆርቆሮ!»

«ማነው ደግሞ እሱ?» አለች ሸሪፋ ከሱቋ ሳትወጣ።

«አሁን ይታወቃል።»

ቆርቆሮውን በጨርቅ ጠርጎ ወደ ብርሃን አወጣው። አንደኛው ጫፉ በጥፍር ስፋት ወደ ኋላ ታጥፏል፤ ከዚያ በመቀስ አፍ ሁለት ጊዜ ተጨፍልቋል፣ እንዳይንሸራተት። ምሩጽ አገላብጦ አየው። መቀሌ፣ አጎቱ ቤት፣ ቆርቆሮ ሲቆረጥ ጫፉ እንደዚህ ይታጠፍ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ እንደዚህ የሚያጥፍ ሌላ ሰው አይቶ አያውቅም።

ያን ጊዜ ትዝ አለው። ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ጥቅምት ውስጥ፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ። ተወልደ አዲሱን ፎርክ ታቅፎ በሩ ላይ ቆሟል፤ በማግሥቱ ከጓደኞቹ ጋር የካ ተራራ ሊወጣ ቀጠሮ አለው። ቀለበቱ ላላ። ልኩ የሆነ ቀለበት ደግሞ በእጅ የለም። «ለጊዜው ነው» ያለው ራሱ ምሩጽ ነበር፤ «ሰኞ አምጣው፣ ደህና አድርጌ እሠራዋለሁ።» ያላለቀ ሥራ ደብተር ላይ ስለማይጻፍ አልጻፈውም። ሰኞ ተወልደ አልመጣም፤ በሌላ ቀን ሲመጣ ስለ ሌላ ነገር ተጨዋወቱ። የበሩን ጽሑፍ ምሩጽ የጻፈው በዓመቱ ነው።

«ታወቀ?» አለች ሸሪፋ።

«ገና ነው» አለ።

መንገዱን ተሻግሮ ከእሷ ሁለት ጠመኔ ገዛ። የቱቦውን ሥር በቤንዚን አጠበው፣ አደረቀው፣ ነጭ ጋዝ ቀብቶ አቆየው፤ ከዚያ ላዩን ጠርጎ ጠመኔ ቀባው። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ጋዝ ቀስ ብሎ ወጥቶ ጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ይሠራል። ዱካ ላይ ተቀምጦ ሲመለከት አንድ ሰዓት ቆየ። ሁለት ደንበኛ መጣ፤ ሁለቱንም መልሶ ሰደዳቸው። ጠመኔው ነጭ እንደሆነ ቀረ። ፎርኩ ጤነኛ ነው፤ አዶኒያስ ተሳስቷል። በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ብቻ ይዞ አንድ ሳምንት ይኖርበት ነበር። ዛሬ ግን ለሸሪፋ መንገር እንኳ አላሰኘውም።

ከሰዓት በኋላ ፎርኩን ታቅፎ ገርጂ ውስጥ ወዳለው ቶርኖ ቤት ሄደ። ቶርኖው ላይ የሚሠራው ዋቅጅራ በልኩ አዲስ ቀለበት ሠራለት። ምሩጽ ለካውና መለሰው፤ ሁለተኛውንም መለሰው።

«ጋሽ ምሩጽ፣ ይሄ እኮ ብስክሌት ነው፣ አውሮፕላን አይደለም» አለ ዋቅጅራ። «ትንሽ ቆርቆሮ ነገር ብናደርግበት ቀጥ ይላል።»

ምሩጽ ለእንዲህ ዓይነቱ ንግግር ሁልጊዜ የተዘጋጀ ስድብ ነበረው። አሁን ግን «ሦስተኛውን ሥራ» ብቻ አለ። ሦስተኛው ገባ፤ በመዶሻ ተመትቶ፣ አንድ ፀጉር ክፍተት ሳይተው።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ሰምሃል ስትመጣ ብስክሌቱ ተገጣጥሞ ቆሟል። የቆርቆሮዋ ቅዳጅ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። ምሩጽ ቀኑን ሙሉ ሁለት ጊዜ ወደ ቆሻሻው ባልዲ ጥሏት ሁለት ጊዜ አውጥቷታል። ልጅቷ ስለ ቀለበት ምን ታውቃለች? ሌላ መካኒክ አጥፍቶ ነበር ቢላት ታምነዋለች።

«አይሰበርም» አላት። «ስንጥቅ የለውም። ለእናትሽ እንዲህ ብሏል በያት።» ቅዳጇን አንሥቶ በመዳፉ ዘረጋላት። «ሲጮኽ የነበረው ይሄ ነው። ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ሰምሃል ቆርቆሮዋን ሳይሆን እሱን አየችው። አልተደነቀችም።

«አውቃለሁ» አለች ቀስ ብላ።

«ምን ታውቂያለሽ?»

«አባዬ ይሰማው ነበር። ‹ለምን ጋሽ ምሩጽ ጋ አትወስደውም› ስለው፣ ‹የምሩጽ ሥራ ነው፤ ሰው ላይ እንዴት እንደሚፈርድ ታውቂ የለ፣ ራሱ መሆኑን ካየ ያፍራል› ይለኝ ነበር። እኔም ለዚህ ነው መጀመሪያ አትላስ የሄድኩት።»

ምሩጽ መዳፉን አልዘጋም። «አምስት ዓመት?»

«አምስት ዓመት።»

«ቁልቁለት ላይስ?»

«ቀስ ብሎ ይወርድ ነበር።»

ሰምሃል አመሰገነችው፣ ወጣች፣ አስፋልቱ ጋ ስትደርስ ፍሬን ያዘች። ምሩጽ በሩ ላይ ቆሞ አዳመጠ። የታክሲ ረዳት ይጮኻል፤ መኪና ያልፋል። ከብስክሌቱ ግን ምንም አልተሰማም።

«እሺ፣ ማነው ጋሼ?» አለች ሸሪፋ የሱቋን መዝጊያ እያወረደች። «ሁለት ቀን አስጠበቁኝ።»

«ምሩጽ ነው።»

«የትኛው ምሩጽ?»

ቀልድ ፊቱ ላይ ስትፈልግ አጣች፤ መዝጊያውን በግማሽ ትታ ቆመች። እሱ ግን ገብቶ ደብተሩን ዘርግቶ ነበር። ብስክሌት፣ የተወልደ። ሕመም፣ የፎርክ ድምፅ። ምክንያት፣ ቆርቆሮ። ጥፋተኛ በሚለው ሥር ስሙን ከነአባቱ ስም ጻፈ። የቀረው ቆርቆሮው የገባበት ቀን ነበር። ጥቅምት ውስጥ ስንት ቅዳሜ አለ፣ የትኛው ነበር፣ ብዙ አሰበ፤ አልመጣለትም። በመጨረሻ ሌላ መጻፍ የሚችለው ስላልነበረ «ቆይቷል» ብሎ ጻፈ።