ለሀገር አይደለም

የፖሊስ ጣቢያው እስር ክፍል የብረት በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት በርም መጋረጃም የሌለው ሽንት ቤት ነው። ከሱ ፊት ለፊት፣ ሲሚንቶው ላይ፣ አንዲት ሴት ግራጫ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተቀምጣለች። የጆሃንስበርግ የሰኔ ብርድ ከግድግዳው ይወጣል።

የያዙኝ ዓርብ ከሰዓት፣ ስደተኞች የመኖሪያ ወረቀት ይሰጠን ብለው በወጡበት ሰልፍ ላይ ነው። እኔ እዚሁ ከተማ፣ ሜይፌር ሰፈር ስለተወለድኩ ወረቀት አለኝ። የሌላት ፍቅረኛዬ ናት፤ ሂልብሮው የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን የምንኖረው። የጥገኝነት ማመልከቻዋን ውድቅ አድርገውባት መውጣት ፈርታ ስለነበር እኔ ሄድኩ። ድምፅ ማጉያው ሲደርሰኝ ለሷ የጻፍኩትን አነበብኩ፦

በርሽ ላይ ብቆም ወረቀት ጠየቁኝ፣
ስምሽን ብጠራ አታውቂያትም አሉኝ።
ቤቴ ደረትሽ ነው፣ ሌላ አድራሻ የለኝ፣
ማህተም ባይኖረኝም ማን ካንቺ ይነጥለኝ።

የመጨረሻውን መስመር ሳልጨርስ ፖሊስ ክንዴን ጠምዝዞ ወሰደኝ።

ሴትዮዋ የአዲስ አበባ ሰው ናት፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ካትሌሆንግ ሱቅ አላት። እሷንም ከዚያው ሰልፍ ነው ያመጧት። እንዳየችኝ ፊቷ በራ።

"ገጣሚዋ አንቺ ነሽ እንዴ! ነይ የኔ ልጅ፣ ነይ ጠጋ በይ።" ከብርድ ልብሷ አካፈለችኝ። "እስኪ ድገሚልኝ።"

ደገምኩላት። በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች።

"አይ ሀገር!" አለች። "ሀገር እኮ ነው እንዲህ የሚያስገጥም።"

በኛ ቋንቋ ሴት ልጅ "አንቺ" ብላ ከገጠመች ወይ ለሀገር ነው፣ ወይ ለእናቷ፣ ወይ ለእመቤታችን። ሌላ ሊሆን ይችላል ብሎ የሚጠረጥር የለም። ቃሌን ከአፌ ነጥቀው ባንዲራ ሲያለብሱት ያ የመጀመሪያው አልነበረም። ያን ቀን ግን አንገፈገፈኝ።

"ለሀገር አይደለም እትዬ። ለፍቅረኛዬ ነው። ሴት ናት።"

መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና አማተበች። ብርድ ልብሱን ከትከሻዬ ላይ ሳበች፤ ተነስታ ሽንት ቤቱ ጥግ ሄዳ ተቀመጠች። ከኔ ጎን ይልቅ ሽንቱ ተሻላት።

ቅዳሜ ጠዋት ከኮሚኒቲያችን ኮሚቴ አንድ ሰውዬ መጣ። ሴትዮዋ ቀድማኝ ፍርግርጉ ጋ ደርሳ አንሾካሾከችለት። ሰውዬው መሬት መሬት እያየ ጠራኝ።

"እህቴ፣ ግጥምሽን ሰው ሁሉ ወዶታል። ጠበቃ ይዘናል። ብቻ ይሄን... ሌላውን ነገር ተይው። ለሀገር ነው በይ፣ ዛሬውኑ ትወጫለሽ።"

"ሀገር እግሯን አይበርዳትም" አልኩት። "ፍቅረኛዬን ግን ይበርዳታል። እንዳይይዟት ፈርታ ስንቅ እንኳን ልታመጣልኝ አልቻለችም። ወረቀት ስጧት ብዬ ስጮህ አጨበጨባችሁ። ማን እንደሆነች ስነግራችሁ ጠበቃ ትከለክሉኛላችሁ?"

"ምን ነበረበት ሀገር ብትዪ?" አለች ሴትዮዋ ከኋላዬ።

"ቤተሰብሽን አስቢ" አለ እሱ።

ፍርግርጉን በሁለት እጄ ያዝኩና "ይህ ግጥም ለምወዳት ሴት ነው" ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ተረኛዋ ፖሊስ ቋንቋውን ባትሰማም ሻይዋን ይዛ ቆማ አዳመጠች። ሰውዬው በመሃል ሄደ። እኔ እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

ሴትዮዋን በኮሚቴው ጠበቃ ያንኑ ቀን አስወጧት። እኔ ሰኞ ፍርድ ቤት ቀረብኩ። መንግሥት የመደበልኝ፣ ስሜን እንኳን አስተካክሎ መጥራት ያልቻለ ወጣት ጠበቃ ቆመልኝ። ክስ የለባትም ተብዬ ተለቀቅኩ።

ፍቅረኛዬ እስካሁን ወረቀቷን አላገኘችም። እሁድ እሁድ አዲስ የጻፍኩትን አነብላታለሁ፤ ቤት ያልመታውን መስመር እየሳቀች ትጥልብኛለች። የሰልፉ ቪዲዮ አሁንም ከስልክ ስልክ ይዞራል፤ አንድ ሰው ከኋላዬ የሚውለበለብ ባንዲራ ጨምሮበታል። ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

አሁን ግጥም በማነብበት መድረክ ሁሉ አስቀድሜ ለማን እንደጻፍኩት እናገራለሁ። ወንበር ሲንኳኳ፣ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ቆሜ እጠብቃለሁ። ከዚያ ለቀሩት አነብላቸዋለሁ።