የቅዳሜ ፈላስፎች አለቃ

ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ፍልስፍና ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ሲወጣ የቀረሁለት ተማሪ እኔ ብቻ ነበርኩ። «ዛሬ ብርድ ነው» ስለው «ብርድ ስንል ከምን አንጻር ነው?» ይለኛል። ሰው ስንቱን ይችላል? አንድ ቀን ማንም ሰው በሚጽፍበትና በሚያርምበት የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ በቋንቋችን የተጻፈውን ሲያነብ ደሙ ፈላ። ስለ ኳስ ተጫዋቾች ተነቦ አያልቅም፤ ስለ እውነት ግን ሁለት መስመር ብቻ፣ አንደኛዋም የተሳሳተች። «እንግዲያው ሰው ሰብስብና አስተካክሉት» አልኩት። ከቤት ይውጣልኝ ብዬ እንጂ ለእውነት አዝኜ እንዳይመስላችሁ።

ሰፈሩን ላይ ታች ብሎ ፀጉር አስተካካዩን፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ ጡረተኛ ሾፌርና ሁለት የድሮ ተማሪዎቹን ሰበሰበ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት የኋላ ክፍል፣ ላፕቶፖቻቸውን የሰኩባትን አንዲት የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ከበው በነፃ ይጽፋሉ። ሕጉ አንድ ነው፤ ታትሞ የወጣ ምንጭ የሌለው ነገር ይሰረዛል። ፀጉር አስተካካዩ ይህን ሲሰማ ሊያብድ ደረሰ።

«ጋሼ፣ ስለ ነፃነት ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ሦስቴ አግብቼ ሦስቴ የፈታሁ ሰው ነኝ!»

«የት ታትሟል?» አለው ባሌ።

እየተነታረኩም ቢሆን ገጾቹ ወፈሩ። ታዲያ በልደቱ ቀን ተመሳጥረው ስለ እሱ ራሱ አንድ ገጽ ጻፉለት። ከላይ ፎቶው፣ ከሥሩ «ታላቅ ፈላስፋና መምህር»። ደጋግሞ አነበበው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከሁላችንም በላይ የፈነደቀችው ግን እናቴ ናት። ከተጋባን ጀምሮ «ያ ሰውዬ» ከማለት በቀር ስሙን ጠርታው የማታውቅ ሴት፣ ስልኳን ይዛ ቤት ለቤት እየዞረች አሳየች።

ባሌን ግን ጭንቀት ያዘው። «ምንጭ የለውም» አለኝ።

«ተወው! እናቴ ገና አሁን እንደ ሰው ስትቆጥርህ?»

«ሾፌሩ ስለ ሟች አባቱ የጻፈውን ሰርዤ አስለቅሼዋለሁ። የራሴን ልተወው?»

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ የእኔው ጉድ ግን የተቆረሰለትንም መለሰ። ሰረዘው። በንዴት ቀኑን ሙሉ አላናገርኩትም።

በማግስቱ እናቴ በሩን በርግዳ ገባች። «ማነው ያጠፋው? ሰፈሩ ሁሉ ቀጣፊ እያለኝ ነው!»

ባሌ ከወንበሩ ተነሣ። «እኔ ነኝ እማማ። እርስዎን ማሳፈሬ ከብዶኛል። ግን ታላቅ ፈላስፋ አይደለሁም።»

ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «አንተ ማጥፋት ትችላለህ?»

«ምንጭ ከሌለው፣ አዎ።»

«የማንንም?»

«የማንንም።»

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ወዲያው ከደጅ ለጎረቤቶች ስትናገር በመስኮቱ ሰማናት። «እዚያ ላይ መውጣትማ ማንም ይወጣል! ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ ብሎ የሚፈርደው ልጄ ነው፤ የእናንተን ዘር በሙሉ ድምጥማጡን ያጠፋዋል!»

ልጄ አለችው። እሱ ግን «በትክክል እንደዚያ እንኳ አይደለም» እያለ ሊያርማት ወደ በሩ ሲያመራ ሸሚዙን ጨምድጄ ያዝኩት።

«እሷን» አልኩት፣ «አትነካትም።»