ስልክ የሌለበት ፓኬጅ

ሮሐ ከቴሌ ያመጣችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ለእናቷ ማስረዳት ከጀመረች ቆይታለች። ነገሩ ያን ያህል የሚከብድ አልነበረም። በሰፈሩ አዲስ የፋይበር መስመር ተዘርግቷል፤ አሮጌው ሽቦ ይነሳል፤ ደንበኛው ከሁለት ፓኬጅ አንዱን ይመርጣል። አንደኛው ኢንተርኔትና ቴሌቪዥን ነው። ሌላው በእነዚህ ላይ የቤት ስልክ አለው። ቅዳሜ ሠራተኛ መጥቶ ይገጥማል።

«ሦስቱ ያለበት ይሻላል እማዬ። ቁጥራችንም አይቀየርም።»

«ሁለቱ ያለበት ይሁን» አለች ውድነሽ።

«ስልኩ እኮ በነጻ እንደማለት ነው።»

«ከፍለውኝም አልፈልገው።»

ሮሐ ሳቀች። እናቷ ግን የምሯን ነበር። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ባንክ ስትሠራ ውላ ማታ ፊልም ማየት ነው የምትፈልገው፤ ስለ ስልክ ሙግት አልገጠመችም። «እስከ ዓርብ ማታ አስቢበት፤ ያን ጊዜ አሳውቃቸዋለሁ» ብላ ወረቀቱን አጣጠፈችው።

ያን ስልክ ያስገባው የውድነሽ ባለቤት ገብረ መድህን ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና። በዚያ ዘመን በሰፈሩ ሌላ ስልክ ስላልነበረ ቁጥሩ የሁሉም ሆነ። ከአርቦዬም ከጮሌም ከአዲስ አበባም ዘመድ ሲደውል፣ ውድነሽ ነጠላዋን ጣል አድርጋ በየደጁ እየሮጠች «ስልክ ተደውሎላችኋል» ትል ነበር። የልጅ መወለድ፣ የፈተና ውጤት፣ የሠርግ ቀን በእሷ በኩል አለፈ። ሰው ገና ከሩቅ ሲያያት ፊቱ ይፈካ ነበር። ማን ይናገር የነበረ ይባል የለ፤ አሁን ያንን ጊዜ የምታስታውሰው እሷው ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ከዚያ ሞባይል መጣ። ልደቱም ሠርጉም ሰላምታውም ወደየሰዉ ኪስ ገባ። ለቤት ስልክ የቀረው መርዶ ብቻ ነው። ሰው የወንድሙን ሞት ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ወይም ገበያ መሃል ቆሞ መስማት የለበትምና፣ የሞተበት ቤት አይደወልም፤ ውድነሽ ቤት ይደወላል። ደዋዩ «አደራ፣ በዘዴ አርጂልን» ብሎ ይዘጋል። ቀሪው የእሷ ነው። ሲነጋጋ የእድሩን ዳኛ ጋሽ እንደሻውን ትጠራለች፤ እሳቸው ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው ይሄዳሉ። መጀመሪያ «ምንም የለም፣ ትንሽ አሞት ነው» ይባላል። ሐዘንተኛው ቁርስ ካልቀመሰ እስኪቀምስ ይጠበቃል፤ ከተነገረው በኋላ እህል አይወርድለትማ። ከዚያ ይነገረዋል፤ ሲወድቅም የምትይዘው እሷ ናት።

የዚህ ሥራ ደመወዙ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ሰው ይፈራታል። ጠዋት ከግቢዋ ብቅ ስትል መንገዱ ጸጥ ይላል። ዳቦ ልትገዛ ስትሄድ ሱቁ በር ላይ የቆሙት ፊቷን ያጠኑታል፤ አልፋቸው ስትሄድ ትንፋሻቸውን ሲለቁ ይሰማታል። እንደ ማንም ጎረቤት ዝም ብላ ሰው ቤት መግባት ከተወች ዓመታት አለፉ። ደክሟታል። ከሁሉ የደከማት ደግሞ በሰው ፊት ላይ የምታየው ድንጋጤ ነው። ስልኩ ከሄደ ድንጋጤውም አብሮ ይሄዳል ብላ አሰበች።

ዓርብ ጠዋት ከወትሮው ቀለል ብሏት ተነሳች። የገብስ ጭኮ በቅቤ አሽታ በሳህን አደረገችና ራቢያን ልትጠይቅ ወጣች። ራቢያ ከአጥሩ ወዲያ ያለች ጎረቤቷ ናት። ልጆቻቸውን አብረው ነው ያሳደጉት፤ የራቢያን እናትም ወንድምም ሞት ያረዳቻት ግን ውድነሽ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው በአጥር ላይ ሆኗል።

መንገድ ላይ ጋሽ እንደሻውን አገኘቻቸው።

«ወዴት ነሽ?»

«ወደ ራቢያ። እርስዎስ?»

«እኔም እሷው ጋ ነኝ። የፍሳሹ ቦይ ተደፍኖ ላነጋግራት ነው። በይ አብረን እንሂድ።»

እሳቸው ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው ሄዱ። ያንን አካሄድ ስንት ጊዜ ሄደውታል፤ ሁለቱም ልብ አላሉትም።

ራቢያ በሩን ከፈተች። ጋሽ እንደሻውን አየች፤ ከኋላቸው ውድነሽን አየች፤ ከዚያ ሳህኑን አየች። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ስትደነግጥ አማርኛው ይጠፋታል።

«ኤኙ?» አለች በኦሮምኛ። ማን ነው የሞተው ማለቷ ነው።

«ማንም አልሞተም ራቢያ። ጭኮ ይዤልሽ ነው የመጣሁት።»

«ኤኙ?»

«ምንም የለም ልጄ፣ እኔ ለቦዩ ነው የመጣሁት» አሉ ጋሽ እንደሻው።

ማን ይመናቸው? ጥፋቱም የራሳቸው ነው፤ «ምንም የለም» እያሉ በየቤቱ ሲገቡ ኖረው ሰፈሩ ቃላቸውን ሸምድዶታል። ጭኮው ደግሞ ነገሩን አባሰው፤ ሐዘንተኛን እህል ቅመሺ የሚሉት ልክ በዚህ ሰዓት ነው።

ራቢያ ሞባይሏን አወጣች። አዳማ ያለው ልጇ ሰኢድ አነሳ፤ ድምፁን ስትሰማ ምንም ሳትናገር ዘጋችበት። ኢተያ የምታስተምረው ልጇ ሙቢና ግን አላነሳችም። ደግማ ደወለች፤ አሁንም አላነሳችም። ውድነሽ ሳህኑን እንደያዘች ቆማ፣ የሌለ ሞት ሰው ላይ ሲወርድ አየች። ኋላ ሙቢና ራሷ ደወለች፤ ክፍል ውስጥ ነበረች። ራቢያ ያን ጊዜ አለቀሰች። ጋሽ እንደሻው ቦዩን ሳያነሱ ሄዱ።

ሁለቱ ሴቶች ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። «ከነገ ጀምሮ ይኼ አይኖርም» አለች ውድነሽ። «ስልኩን ላስነሳው ነው። ኢንተርኔትና ቴሌቪዥን ብቻ ነው የሚገባልን። ከእንግዲህ ስመጣ ልጠይቅሽ ነው የምመጣው።»

ውድነሽ፣ ራቢያ ደስ የሚላት መስሏት ነበር። ራቢያ ግን «የእኔንስ ማን ያረዳኛል?» አለች።

«ሁሉም ሞባይል አለው።»

«ወንድሜ የሞተ ጊዜ ሙቢና ቴሌግራም ላይ ነው ያየችው፤ ተማሪዎቿ ፊት። እስከዛሬ ይኸው ያማታል። እኔን ግን አንቺ ሻይ አጠጣሽኝ። ገና ስትገቢ አውቄ ነበር። ብርጭቆውን እስክጨርስ ግን ጠበቅሽኝ።»

«ደክሞኛል ራቢያ።»

«አውቃለሁ። እኔም ሳይሽ እፈራለሁ፤ አልዋሽሽም። ሌላ ሰው እንዲነግረኝ ግን አልፈልግም።»

ውድነሽ ለማንም ያልተናገረችው ነገር ያን ጊዜ አመለጣት። «እኔንስ ማን አረዳኝ?» አለች። «እህቴ እዚያ ጮሌ የሞተች ጊዜ አንዲት የማላውቃት ሴት ደወለች። የውድነሽ ጎረቤት ነሽ አይደል አለችኝ። ሰው ሁሉ ይኼን ቁጥር የጎረቤት ቁጥር ብሎ ነው የሚያውቀው። እህቷ አርፋለች፣ ልቧ ስስ ነው አሉ፣ አደራ በዘዴ አርጂልን አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«እሺ አልኳት። አረዳታለሁ አልኳት።»

ራቢያ እጇን ያዘቻት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የውድነሽ ጆሮ ግን እህቷ የሞተች ቀን ባዳ እንኳ አልሆነላትም።

«ያንቺን እኔ አረዳሻለሁ» አለች ራቢያ በመጨረሻ። «የኔን ቁጥር ለዘመዶችሽ ስጪ። ያንቺ ሲሆን እኔ ጋ ይደውሉ። ቁርስሽን አብልቼ ነው የምነግርሽ።»

ማታ ውድነሽ ለልጇ «ሦስቱ ያለበት ይሁን» አለቻት። ሮሐ ምን እንዳሳመናት ብትጠይቅ «ደክሞኛል፣ አትጠይቂኝ» አለች። ደክሟትም ነበር፤ ስልኩ ነገም ይጮሃል፤ መንገዱም ነገ ጠዋት ጸጥ ይላል።

ከዚያ ራት ሳይቀርብ ስልኩን አንስታ አርቦዬ ላለው ታናሽ ወንድሟ ለይበልጣል ደወለች። ከእናቷ ልጆች የቀራት እሱ ብቻ ነው። አንስቶ ድምፅዋን ሲሰማ ሰላምታ አልሰጣትም።

«ማን ሞተ?» አላት።

«ማንም» አለችው። «ቁጥር ልሰጥህ ነው።»